ከኮርቻዋ ያልወረደችው ሊስ ሃርተል



በዚህ ዕትም የመጻፉ ተራ የሂሳብ ክፍሉ ነው ሲባል ብዙዎቻችሁ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ወለድና ስለ መዘግየት ቅጣት ልናወራ ነው ብላችሁ ሳትሰጉ አልቀራችሁም። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እንደዚያው ነበር። ሆኖም ባለፈው ዓመት መዝጊያ የብድር ደብተሩን ስናስታርቅ አንድ ነገር ከነከነን፤ ከዚያ ወዲህም ከብዙ ጊዜ በፊት ያነበብነው የአንዲት ሴት ታሪክ ከሐሳባችን አልጠፋ አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት የዴንማርክ ፈረሰኛ እንጽፋለን። የከነከነንን ነገር ደግሞ በመጨረሻ እንናገራለን፤ የሚመለከተው ሁላችንንም ስለሆነ እስከዚያ ድረስ አብራችሁን ቆዩ። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእናት ትምህርት

ሊስ ሃርተል የተወለደችው መጋቢት 14 ቀን 1921 ከኮፐንሃገን ከተማ አጠገብ ሄሌሩፕ በሚባል ስፍራ ነው። የቤተሰቧ ስም ሆልስት ነበር፤ ሃርተል የተባለችው ኋላ ባገባች ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ፈረስ ወዳድ ነበር። ሊስና እህቷ ቶቨ ፈረስ መጋለብን የተማሩት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከገዛ እናታቸው ከወይዘሮ ኤልሰ ሆልስት ነው። በዚያ ዘመን የፈረስ ግልቢያ አሠልጣኝ ሲባል ሰው የሚያስበው ጢሙን ያሳመረ የጦር መኮንን ነበር። እነዚህ ሁለት ሴት ልጆች ግን ልጓም አያያዙን፣ ጀርባ ማቅናቱንና ከፈረስ ጋር መግባባቱን የለመዱት ከእናታቸው እጅ ነው።

ይህን በዋዛ አትለፉት። ሊስ በኋላ ከአልጋ መነሣት ባቃታት ጊዜ እንደገና ከጎኗ ቆመው ያስተማሯት እኚሁ እናት ናቸው። እናት ልጇን አንድ ጊዜ አስተምራ ላትጨርስ ትችላለች፤ ወይዘሮ ኤልሰ ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ማስተማር ነበረባቸው።

ሊስ እያደገች ስትሄድ ጉናር አንደርሰን የሚባሉ የታወቁ አሠልጣኝ ያዟት። በ1941፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ፊን ሃርተልን አገባች። አገሯ ያን ጊዜ በናዚ ጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። ሕይወት ግን በጦርነትም ውስጥ አይቆምምና ሊስ መጋለቧን ቀጠለች። በ1943 የዴንማርክ የድረሳዥ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1944ም ደገመችው። የመጀመሪያ ልጇንም ወልዳ ነበር።

ድረሳዥ ምን ዓይነት ውድድር ነው?

እኛ ፈረስ ሲባል ፊታችን የሚደቀነው ጉግሱና ሽምጡ ነው። ድረሳዥ ከዚያ የተለየ ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ማሠልጠን፣ መግራት እንደ ማለት ነው። 20 ሜትር በ60 ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ አንድ ፈረስና አንድ ጋላቢ ብቻቸውን ይገባሉ። መሮጥም ሆነ መሰናክል መዝለል የለም። ፈረሱ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይራመዳል፣ ሶምሶማ ይረግጣል፣ ይጋልባል፣ በጎኑ ይሄዳል፣ ባለበት ቆሞ እንደ ጭፈራ ሶምሶማ ይመታል፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኞቹ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ነጥብ ይሰጣሉ።

ዋናው ምስጢር ጋላቢው ፈረሱን ሲያዝ መታየት የለበትም የሚለው ነው። ትእዛዙ የሚተላለፈው በልጓሙ በኩል በጣት ጫፍ፣ በኮርቻው በኩል በወገብና በክብደት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእግር ነው። ጋላቢው በባቱና በተረከዙ የፈረሱን ጎን ጫን ሲያደርግ ፈረሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ድረሳዥን ያለ እግር ማሰብ እንግዲህ ለእኛ ያለ ካልኩሌተርና ያለ ደብተር ሂሳብ ዝጉ እንደ መባል ነው። ይህን የምናነሣው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

የ1944 መስከረም

በመስከረም ወር 1944 ሊስ የ23 ዓመት ወጣት፣ የአገሯ ሻምፒዮንና ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች እናት ነበረች። በዚያ ወር ፖሊዮ ያዛት።

ፖሊዮን እኛ በልጅነት ልምሻ ስሙ እናውቀዋለን። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በተበከለ ውኃና በእጅ ንጽሕና ጉድለት ይተላለፋል። ከሚይዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሳይታወቃቸው ያልፋል፤ ሽባ የሚያደርገው ከ200 ሰው አንዱን ያህል ነው። በእነዚያ ላይ ግን በጀርባ አጥንት ውስጥ ያሉትን ጡንቻ የሚያዝዙ የነርቭ ሴሎች ይገድላል። ጡንቻው ራሱ ባይጎዳም የሚያዘው ሲያጣ ይሟሽሻል። ልምሻ የልጆች በሽታ ተብሎ ቢታወቅም ትልቅ ሰውንም ይይዛል፤ ነፍሰ ጡር ሴትን ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል። በ1944 ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተገኘው ከ11 ዓመት በኋላ በ1955 ነው።

ሊስ ሰውነቷ ከሞላ ጎደል ሁሉ ሽባ ሆነ። ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅ በዚያ አኳኋን ተሸክማ ወራት ቆየች። በ1945 ጤነኛ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅ የወለደች ሁሉ ይህን ስታነብ ለአፍታ ቆም ማለቷ አይቀርም። እጇን ማንሣት የማትችል እናት ለተወለደችው ልጅ ምን ታደርጋለች? ማን ያቅፍላታል? ማን ወደ ጡቷ ያስጠጋላታል? ስለ ሜዳሊያው ብዙ ሲጻፍ ስለዚህ ብዙ አይጻፍም። እኛ ግን የሊስ ትልቁ ትግል በሜዳው ላይ ሳይሆን በዚያ ክፍል ውስጥ የተጀመረ ይመስለናል።

ማገገሙ ከሕፃን ልጅ ዕድገት ጋር ይመሳሰል ነበር። በእናቷና በባለቤቷ እርዳታ መጀመሪያ ክንዷን ማንሣት ለመደች። ቀጥሎ የጭኖቿ ጡንቻዎች ጥቂት ጥቂት ማዘዝ ጀመሩ። ከዚያ በጉልበቷ መዳህ ተማረች። ከስምንት ወር ያህል በኋላ በክራንች ተደግፋ መራመድ ቻለች። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልተመለሰም። በእጆቿም ላይ ድካሙ ቀርቶባታል።

ሐኪሞቹ በክራንች መሄድ መቻሏን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረውት ነበር፤ በእውነትም ትልቅ ነገር ነበር። ሊስ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው። ወደ ፈረሷ መመለስ ፈለገች።

ፈረሷም እንደገና ተማረች

የሐኪሞቹ ምክር ተዪው የሚል ነበር። ምክራቸውን በክፋት አንተረጉመውም። ከጉልበት በታች ሽባ የሆነ ሰው በፈረስ ላይ ሚዛኑን ቢስት እግሩ አይታደገውም፤ ቢወድቅም ተነሥቶ መሸሽ አይችልም። ሊስ ይህን ሁሉ ሰምታ ሰዎች እያነሡ ኮርቻው ላይ እንዲያስቀምጧት አደረገች። መውረድም የምትችለው ሰዎች ሲያወርዷት ብቻ ነበር። እንዲህ ሆና እንደ ጀማሪ ልጅ ሚዛን መጠበቅን ከፊደሉ ጀምራ ለመደችው።

እዚህ ላይ የምትመጣው ጁብሊ የተባለችው ፈረስ ናት። ስሟ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ኢዮቤልዩ ማለት ነው። ጁብሊ ዴንማርክ ውስጥ የተወለደች ፈረስ ናት፤ ሊስ በስመ ጥር የውጭ አገር ፈረስ ላይ ተቀምጣ አይደለም የተወዳደረችው። ሊስና አሠልጣኟ ጉናር አንደርሰን ይህችን ፈረስ በአዲስ ቋንቋ አሠለጠኗት። በእግር የሚሰጠው ትእዛዝ ቀርቶ በወገብ፣ በጀርባና በክብደት ሽግሽግ የሚሰጥ ትእዛዝ ለመደች። ሊስ ክብደቷን ወደ አንድ ጎን በትንሹ ስታዘነብል ጁብሊ ሌሎች ፈረሶች በተረከዝ ተነክተው የሚያደርጉትን ታደርግ ጀመር።

ይህን ለማድረስ የፈጀው ጊዜ ዓመታት ነው። በሽታው በያዛት በሦስተኛው ዓመት፣ በ1947፣ በስካንዲኔቪያ ሻምፒዮና በሴቶች ድረሳዥ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። እንግዲህ መወዳደር ብቻ ሳይሆን ማሸነፍም እንደምትችል ታወቀ።

በር ላይ የቆመው ደንብ

በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ተካሄደ። ሊስ አልሄደችም። በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ ድረሳዥ መወዳደር የሚችሉት የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ሴት አይገባም፤ ሲቪል የሆነ ወንድም አይገባም፤ ከመኮንን ማዕረግ በታች ያለ ወታደርም አይገባም። ጤነኛ ሆና ሁለት እግሯን ብታዝዝ እንኳ በዚያ በር ማለፍ አትችልም ነበር።

ደንቡ ምን ያህል የጠበቀ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር እንንገራችሁ። በለንደን የስዊድን ቡድን በድረሳዥ ወርቅ አገኘ። በኋላ ግን ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ ዬህናል ፔርሶን፣ እውነተኛ መኮንን አለመሆኑና ለውድድሩ ሲባል ብቻ ማዕረግ የተሰጠው መሆኑ ተደረሰበት። በ1949 ቡድኑ ወርቁን ተነጠቀ። ሰውየው ጎበዝ ጋላቢ መሆኑን የካደ የለም። የጎደለው ትከሻው ላይ የሚለጠፈው ምልክት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ደንቡ ተለወጠ። ከ1952 ጀምሮ ሲቪሎችም ሴቶችም በድረሳዥ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። መሰናክል ዝላዩ ለሴቶች የተከፈተው በ1956 ነው፤ ሦስቱን የፈረስ ውድድሮች አጣምሮ የያዘው ውድድር ደግሞ እስከ 1964 ድረስ ሴት አላየም። የፈረስ ስፖርት እስከ ዛሬ ሴትና ወንድ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ፣ በአንድ የነጥብ ሠንጠረዥ ከሚወዳደሩባቸው ጥቂት የኦሊምፒክ ስፖርቶች አንዱ ነው። ልዩ አስተያየት የለም።

ሄልሲንኪ፣ 1952

በ1952 በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ በተደረገው ኦሊምፒክ በድረሳዥ የተሰለፉት ሴቶች አራት ብቻ ነበሩ፦ የጀርመኗ ኢዳ ፎን ናገል፣ የአሜሪካዋ ማርጆሪ ሄንስ፣ የኖርዌይዋ ኤልሰ ክሪስቶፈርሰንና የዴንማርኳ ሊስ ሃርተል። ሊስ የ31 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ከፖሊዮው ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው።

ሰዎች አንሥተው ጁብሊ ላይ አስቀመጧት። ወደ ሜዳው ገባች። ዳኞቹ የሚያዩት የሚንቀሳቀሰውን ፈረስ ነው፤ የማይንቀሳቀሱት እግሮች ከኮርቻው ግራና ቀኝ ዝም ብለው ተንጠልጥለዋል። ድረሳዥ የሚፈልገውም ጋላቢው ሲያዝ እንዳይታይ አይደል? ሊስ ያለ ውዴታዋ የደረሰባት ነገር በዚያች ሰዓት የውድድሩን ዋና መመዘኛ የሚያሟላ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ ሲገለጽ የስዊድኑ መኮንን ሄንሪ ሴንት ሲር በ561 ነጥብ አንደኛ ሆኑ። ሊስ ሃርተል 541.5 ነጥብ አግኝታ ሁለተኛ ወጣች። የፈረንሳዩ አንድሬ ዡሶም በ541 ነጥብ ሦስተኛ ሆኑ። በብርና በነሐስ መካከል የነበረው ልዩነት ግማሽ ነጥብ ነው። አባሎቻችን አምሳ ሳንቲም ቢጎድል ደብተር አይዘጋም ስንል የምትስቁብን ሁሉ ይህችን ግማሽ ነጥብ ልብ በሉልን። የዓመታት ድካም አንዳንድ ጊዜ የሚታየው በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ነው።

ሊስ በፈረስ ስፖርት በግል ውድድር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሜዳሊያው ሲሰጥ ከፈረሷ ወርዳ ወደ መድረኩ መውጣት ነበረባት፤ ይህንን ብቻዋን ማድረግ አትችልም። ያሸነፏት ሄንሪ ሴንት ሲር ራሳቸው ደግፈው ወደ መድረኩ አወጧት። በዚያ ጨዋታ ከታዩት ትዕይንቶች ሁሉ ሰዎች ሲያስታውሱት የኖሩት አንዱ ይህ ነው። አሸናፊው ተሸናፊዋን የደገፈው በነጥቡ ላይ ሳይሆን በደረጃው ላይ ነው። ነጥቡን ራሷ አምጥታዋለች።

በዚያው ዓመት በጋ በገዛ አገሯ ከተማ በኮፐንሃገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የተያዘባቸው ሕሙማን ከመተንፈሻ መሣሪያው ቁጥር በላይ ሆኑ። ቢዮርን ኢብሰን የተባሉት ሐኪም በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ ሳንባውን በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ማስተንፈስ እንደሚቻል አሳዩ። ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ተራ እየገቡ፣ ሌሊትና ቀን በሕሙማኑ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን ሲጨምቁ ከረሙ። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ተረፈ፤ የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል አሠራርም ከዚያ ተወለደ ይባላል። የሊስ ብር ሜዳሊያ ወደ ዴንማርክ የገባው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። በየቤቱ ልጁ ወይም ሚስቱ ለታመመችበት ሰው ወሬው ምን ትርጉም እንደነበረው መገመት አያቅትም።

ስቶክሆልም፣ 1956

ቀጣዩ ኦሊምፒክ የተደረገው በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ነው። አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችውም በዚያው ነው። የፈረስ ውድድሩ ግን ሜልቦርን አልሄደም። የአውስትራሊያ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ የውጭ ፈረሶች እንዲገቡ ስለማይፈቅድ ውድድሩ ከዋናው ጨዋታ ወራት ቀድሞ፣ በሰኔ 1956፣ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተካሄደ።

ሊስ በአራቱ ዓመታት መካከል ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1952፣ በ1953ና በ1954 የዴንማርክ ሻምፒዮን ሆናለች። በ1956ም ደገመችው። በስቶክሆልም ያው ጁብሊን ይዛ ቀረበች። ሄንሪ ሴንት ሲር በ860 ነጥብ እንደገና ወርቁን ወሰዱ። ሊስ በ850 ነጥብ እንደገና ብር አገኘች። የጀርመኗ ሊዝሎት ሊንሰንሆፍ በ832 ነጥብ ሦስተኛ ሆነች። ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ሴት የማይገባበት ከነበረው ውድድር ከሦስቱ ሜዳሊያዎች ሁለቱን ሴቶች ወሰዱ ማለት ነው። ያችው ሊዝሎት ሊንሰንሆፍ በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በድረሳዥ በግል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በሩ አንዴ ከተከፈተ ማን ምን ይዞ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ሊስ በ1959 ለመጨረሻ ጊዜ የአገሯ ሻምፒዮን ሆነች። ሲደመር ሰባት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ከበሽታው በፊት፣ አምስቱ ከበሽታው በኋላ። እኛ የሂሳብ ሰዎች ይህን ድምር በጣም እንወደዋለን። ሰው በሙሉ ጤናው ካገኘው ይልቅ ጎድሎበት ያገኘው የሚበልጥበት ደብተር ብዙ ጊዜ አናይም።

ከሜዳሊያው በኋላ

ሊስ ዝናዋን ለራሷ ብቻ አላደረገችውም። በየቦታው እየሄደች በፈረስ ትርኢት እያሳየች ለፖሊዮ ሕሙማን ገንዘብ አሰባሰበች። አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በፈረስ ግልቢያ እንዲታከሙም ሠርታለች። በኔዘርላንድስ በስሟ የተቋቋመ ድርጅት ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

የዚህ ሕክምና አሠራር ቀላል ነው። ፈረስ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። በላዩ የተቀመጠው ሰው ዳሌም ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚንቀሳቀሰው ይንቀሳቀሳል። በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ወገቡና ሆዱ ሚዛን መጠበቅን ይለምዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሰውን ሁሉ ቀና ብሎ ሲያይ የኖረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ያያል። ከሊስ በኋላ ይህ ሥራ በአውሮፓ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ከ1996 የአትላንታ ፓራሊምፒክ ወዲህ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ድረሳዥ ቋሚ ውድድር ሆኗል።

አገሯም አልረሳቻትም። በ1992 በዴንማርክ የስፖርት ባለውለታዎች መዝገብ ውስጥ ስሟ ገባ። በ2005 ከዴንማርክ የምንጊዜም 10 ታላላቅ ስፖርተኞች አንዷ ተባለች። ሊስ ሃርተል የካቲት 12 ቀን 2009 በ87 ዓመቷ አረፈች። ልምሻ ከያዛት በኋላ ከ64 ዓመት በላይ ኖራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ደብተር

መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ከነከነን ብለን ነበር። እነሆ እንናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን የብድር ማመልከቻ አስገባች። በልጅነቷ ልምሻ ይዟት በክራንች የምትሄድ ናት። ቤቷ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። የጠየቀችው 30,000 ብር ነበር፤ በርበሬው በሚረክስበት ወር ገዝታ ለማስቀመጥ። ሁለት ዋሶች አቅርባለች። ኮሚቴው ተወያይቶ ጥያቄዋን አልተቀበለም። ምክንያቱ በብድር ቅጻችን ላይ ያለው፣ ተበዳሪዋ ሙሉ ጤነኛና ተንቀሳቅሳ መሥራት የምትችል መሆን አለባት የሚለው መስመር ነው። በኮሚቴው ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። እህታችን ገበያ ለገበያ መዞር ስለማትችል ዕዳው እንዳይከብዳት ነው ያዘንነው። የእምቢታውን ደብዳቤ የጻፍነው እኛው የሂሳብ ክፍሎቹ ነን፤ በፊርማችንም አለ።

ዘንድሮ ደብተሩን ስናስታርቅ የእሷን ገጽ አየነው። ማመልከቻውን ስታስገባ 34 ወር ተከታታይ ቆጥባ ነበር፤ አንድም ወር አላጎደለችም። ከእምቢታው በኋላም አላቆመችም። በዚያው ዓመት ብድር ካገኙት ሙሉ ጤነኛ አባላት መካከል ደግሞ ሦስቱ እስከ ዛሬ ክፍያ ያዘገያሉ። እኛ በዚያን ቀን የተመለከትነው እግሯን ነው፤ ልንመለከት የሚገባን ግን በእጃችን የነበረውን ደብተር ነበር።

ሊስ ሃርተልን በ1948 ከለንደን ያስቀራት ሽባነቷ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ መስመር ነው። መስመሩን የጻፉት ሰዎች በጎ ነገር ያስጠበቁ ይመስላቸው ነበር። በ1952 መስመሩ ሲሰረዝ ምንም የተበላሸ ነገር አልታየም፤ አንዲት ሴት ገብታ በግማሽ ነጥብ በልጣ ወጣች እንጂ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ያ መስመር ከብድር ቅጻችን እንዲወጣና በምትኩ የአባሏ የቁጠባ ታሪክና የሥራ ዕቅዷ ብቻ እንዲመዘን ሐሳብ እናቀርባለን። የዋስትናው ደንብ እንዳለ ይቆያል፤ ማንም ከሌላው በተለየ እንዲታይለት አንጠይቅም። የእህታችንም ማመልከቻ ተመልሶ እንዲታይ በጽሑፍ ጠይቀናል። እሷንም ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ቡና አፈላችልን፤ ዘንድሮ በርበሬ የሚረክሰው መቼ እንደሆነም ነገረችን። ጊዜው ሩቅ አይደለም። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው፣ ለተዘዋዋሪ ብድሩ የምትሰጡን ገንዘብ በማን እጅ እንደሚገባ ስትጠይቁን ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁን።

እህቶች፣ በጉባኤው ቀን እንዳትቀሩ። ድምፅ የሚሰጠው በተገኘ ሰው ነው። ልጆቻችሁንም የፖሊዮ ጠብታ ሰጪዎች በር ሲያንኳኩ አትደብቁ፤ ሊስ በ1944 ያጣችው ጠብታ ዛሬ በነጻ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

በሰላም ያገናኘን።

የማኅበሩ የሂሳብ ክፍል